ሐዳሳና የጣሪያው ውሃ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጀምር ሆሳዕና ከተማ ባለው ግቢያችን ውስጥ እኔ፣ ታናሽ እህቴ ሐዳሳና አባታችን ነበርን። ውሃ ቀድቶ የቤቱን በርሜል የመሙላቱ ተራ የሐዳሳ ነበር። በርሜሉ በዝናብ ከሞላላት መዝሙር ልምምድ ላይ በጊዜ ትደርሳለች። ስለዚህ ከእንሰት ቅጠል አሸንዳ ሠርታ ጣሪያው ሥር በገመድ አሰረችው። ዝናቡ ሲበረታ ቅጠሉ ተቀደደና ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ጭቃውን አጠጣሽው» ብዬ ሳቅሁባት።

«አባዬ፣ አንተ ሥራልኝ» አለች።

አባታችን ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ «መጀመሪያ የተቀደደው የቱ ጋ ነው?» አላት።

እየረጠበች ቀና ብላ አየች። «የታሰረበት ጋ። ገመዱ ነው የቆረጠው።»

«ታዲያ ባይታሰርስ?»

ገመዱን ፈታች። ከዚያ ሁለት ባላ እንጨት ተክላ ሌላ ቅጠል ሳታስር አጋደመችባቸው። ውሃው ወደ በርሜሉ ወረደ።

ዝናቡ ሲያባራ ግን በርሜሉ የሞላው እስከ ግማሽ ብቻ ነበር። የቀረውን ከቧንቧ ቀዳችና ልምምዱ ላይ ዘግይታ ደረሰች።