ሾፌሩ የመረጠው ወንበር

የዕድሜ ልክ ሚስቱን በአንድ ከሰዓት የመረጠ ሰው ለአንድ ሳምንት የሚከራየውን መኪና ለመምረጥ ረፋዱን ሙሉ ሲፈጅ፣ ሚስት ምን ትላለች? ምንም አላለችም። ከአከራዩ ግቢ ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየው ነበር።

ባልየው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በቅርቡ ጡረታ የወጣ ነው። የመናኸሪያ ሰዎች ችካል ይሉታል። መሪ ከጨበጠ አንገቱ ወዲህም ወዲያም አይልም። ከኋላው ሰው ቢጣላ፣ ቢዘፍን፣ አንዴም እንደሆነው አንዲት ሴት ምጥ ቢይዛት፣ የእሱ ዓይን ከመንገዱ አይነቀልም። በዚህ ጠባዩ ሰው ሳይገጭ፣ ቆርቆሮ ሳያስቧጭር ለጡረታ በቃ። መሥሪያ ቤቱም አመስግኖ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው። ሰዓት ሲያሯሩጠው ለኖረ ሰው ሰዓት መሸለም ምን የሚሉት ቀልድ እንደሆነ እንጃ።

ሽልማቱ ያልተዋጠላት መምህርት ልጃቸው ናት። “አባዬ ማረፍ አለበት” ብላ ከደሞዟ ስታጠራቅም ከረመችና ቤተሰቡን ይዛ ወደ ባዕድ አገር መጣች። ተራራውንና ባሕሩን በመኪና ሊዞሩ ነው። መኪናውን የሚነዳው ማን ነው? አባዬ ነዋ። ማረፍ ማለት ለእሷ አባቷ ሌላ አገር ሄዶ ሌላ መኪና ሲነዳ ነበር፤ ነገሩ ከፍቅር እንጂ ከክፋት አልመጣም። አራተኛዋ ተጓዥ የችካል ታላቅ እህት፣ እትዬ ናቸው። ማንም ሳይጠራቸው፣ “እኔ እንደሁ ቦታ አላጣብብም” ብለው ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዘው ከተፍ አሉ።

በዚያ አገር መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነው፤ መሪውም ያለው በቀኝ ነው። የአከራዩ ሠራተኛ፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ወጣት፣ ሦስት መኪኖች አሳየቻቸውና የወደዳችሁትን ውሰዱ አለች፤ ልጃቸው አስተረጎመች። የመጀመሪያዋ ነጭ፣ ትንሽዬ ነበረች። ችካል ኮፈኗን ከፍቶ እስኪያጎነብስ፣ ጎማዋን በእግሩ እስኪመታ ሁሉም ጠበቀ። እሱ ግን የኋላውን በር ከፈተና ገብቶ ተቀመጠ። በሩን ዘጋ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመስኮቱ ትንሽ ካየ በኋላ ወጣ።

“መስኮቷ ጠባብ ነው” አለ።

ሁለተኛዋ ጥቁር፣ ከፍ ያለች፣ የባለሥልጣን የምትመስል ናት። እትዬ ገና ሲያዩዋት ልባቸው ተሰረቀ። “እዚህ በሯ ላይ ቆሜ አንድ ፎቶ ብነሳ ጎረቤቶቼ በቅናት ይደርቃሉ” አሉ። ችካል አሁንም መሪዋን ዞር ብሎ ሳያይ ከኋላ ገባ። የኋላዋ መስታወት ጥቁር ነበር።

“በዚህ ከታየ ጠራራ ፀሐይም ይጨልማል። አትሆንም።”

“ሾፌር ወደ መሪው ይሄዳል እንጂ ከኋላ ወንበር ምን ወሰደው?” አሉ እትዬ ለሰማይ ለምድሩ። “ጡረታ ራስ ላይ ይወጣል እንዴ?”

“ለእርስዎ ምቾት አስቦ እኮ ነው እትዬ” አለቻቸው ልጅቷ።

እትዬ ወዲያው ለዘቡ። “እሱስ እውነት ነው። ወንድሜ ድሮም ያስብልኛል።”

ልብስ ሰፊዋም (የችካል ሚስት ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው) መጀመሪያ እንደዚያው መስሏት ነበር። ሦስተኛዋ መኪና ግን አሳበቀችበት። ይቺኛዋ ቀለሟ አመድማ፣ ጎኗ ላይ ጭረት ያላት፣ ዕድሜ የጠገበች የቤተሰብ መኪና ናት፤ መስኮቶቿ ግን ሰፋፊ ናቸው። ችካል ከኋላ ገብቶ ቆየ። መስታወቱን አወረደ። ክርኑን መስኮቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ አገጩን ክንዱ ላይ አድርጎ የግቢውን አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ባዶ ሜዳ ያይ ጀመር።

ያኔ ነው አንድ ወሬ ትዝ ያላት። ድሮ ነው፣ እረፍት ወጥቶ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ “በተራራው መንገድ ላይ አንድ ሐይቅ አለ” ብሏት ነበር። “እዚያ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ኧረ እዩ ይላል። አንዱ ሰማያዊ ነው ይላል፣ አንዱ የለም አረንጓዴ ነው ይላል፣ ይከራከራሉ። እኔ ግን ቀለሙን አላውቀውም።”

“ዞር ብለህ አታየውም?”

“መንገዱ ገደል ነው። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዤ?”

እሷም ስቃ ስፌቷን ቀጠለች። እሱም ወሬውን ዳግም አላነሳው።

ችካል “እፈልጋለሁ” የሚል ቃል አያውቅም። ሲርበው “ምሳ ሰዓት አልፏል” ይላል፤ ሲበርደው “በሩ ክፍት ነው” ይላል። ዛሬ ደግሞ “መስኮቷ ጠባብ ነው” እያለ ነበር። ነገሩ ፍንትው ብሎ ታያት። ባሏ አንድ ጊዜ፣ ለአንዴ ብቻ፣ ተሳፋሪ መሆን አምሮታል። አፍ አውጥቶ መናገሩን ግን አይችልበትም። ቢናገር እትዬ “አረጀ፣ ደከመ” ይሉታል፤ ልጁም ታዝንበታለች። ደግሞስ እሱ ከኋላ ከተቀመጠ ማን ሊነዳ ነው? ልጃቸው መንጃ ፈቃድ የላትም፣ ችካልን የሚያህል አባት እያላት ምን ልታደርገው። እትዬ የሚነዱት ሰው ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ግን መንጃ ፈቃድ አላት። ጨርቅ የምታመላልስባት አሮጌ መኪናም አለቻት፤ ባሏ መንገድ ላይ ሲሆን ከተማውን እንደ ልቧ ታካልልባታለች። እሱ ባለበት ግን መሪ ነክታ አታውቅም። አንዴ ብቻ፣ ፈቃዱን ባወጣች ሰሞን፣ ከጎኗ አስቀምጣው እስከ ገበያ ነድታ ነበር። “ፍሬን”፣ “ማርሽ”፣ “ዓይንሽ የት ነው”፣ “ኧረ ሰው ልትጨርሽ ነው” ሲላት፣ ገበያው ሳይደርሱ ዳር ይዛ አቆመችና ቁልፉን ጭኑ ላይ ጥላለት በእግሯ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ እሱም አልለመናት፣ እሷም አልረሳችለት።

ስለዚህ አሁን ነገሩ ሲገባት መጀመሪያ ያዘነችለት እንዳይመስላችሁ። በሆዷ “ይበልህ” ነው ያለችው። እንዳፉ ይንዳ፤ እሷ ምን ቸገራት። ይህን ብላ ፊቷን ልታዞር ስትል ባዶውን ሜዳ እንደ ጉድ ሲያየው አየችው። በሜዳው ላይ አንድ አሮጌ በርሜል እንጂ ሌላ ነገር የለም። እሱ በርሜሉን ያይ ነበር። አንጀቷን በላው።

“ይቺ ትሁን” አለ ችካል ከመኪናው እየወረደ።

ቢሮ ገቡ። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና ሾፌሩ ማን እንደሆነ ጠየቀች።

“አባቴ ነው” አለች ልጅቷ በኩራት። “አባዬ፣ መንጃ ፈቃድህን ስጣት።”

ችካል ከደረት ኪሱ አወጣት። ትራፊክ ፊሽካ ሳይነፋ የምትወጣ መንጃ ፈቃድ ነበረች፤ ዛሬ ግን ወጥታም እጁ ላይ ቀረች። በአውራ ጣቱ ገጿን ያሻት ጀመር። ሠራተኛዋ እጇን ዘርግታ ፈገግ እንዳለች ትጠብቃለች።

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ከፍታ የራሷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

“የምነዳው እኔ ነኝ” አለች።

እትዬ ያማተቡት በሁለት እጃቸው ነበር ማለት ይቻላል። “በሰው አገር! መሪው በተሳሳተ በኩል! እሱን የመሰለ ሾፌር ቁጭ ብሎ!”

“እትዬ፣ በዚህ አገር መንገድ እሱም እኔም ጀማሪ ነን። የእሱ እጅ ዕድሜውን ሙሉ በቀኝ መሄድ ለምዷል። የእኔ ያን ያህል አልለመደም፤ ቶሎ ይረሳል።”

ልጅቷ አባቷ የሚቆጣ መስሏት በድንጋጤ አየችው። ችካል ኮስተር ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ፈቃድ ያያል።

“ከእኔ ጋር ነድተሽ አታውቂም” አለ።

“አንዴ ነድቻለሁ።”

“እሱን አስቤ ነው።”

“እኔም እሱን አስቤ ነው” አለችው። “ከኋላ፣ መስኮት ዳር ትቀመጣለህ። ግን በአፍህ አትነዳም።”

ችካል የራሱን ፈቃድ ወደ ደረት ኪሱ መለሰና የኪሱን አዝራር ቆለፈ። “እሺ” አለ። ልጅቷ ከአባቷ አፍ እንዲህ ያለ ፈጣን እሺ ሰምታ ስለማታውቅ የታመመ መስሏት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ግን በድፍረቷ የተጸጸተችው ገና ከግቢው ሳትወጣ ነው። በልማድ የመኪናዋን የግራ በር ከፍታ ገባች፤ ፊቷ ላይ መሪ የለም። እትዬ ሳቁ። ወርዳ፣ ዞራ፣ በቀኝ ገባች። ልጅቷ ካርታውን በስልኳ ይዛ ጋቢና ተቀመጠች። ችካል ከልጁ ኋላ በግራው መስኮት፣ እትዬ ከጎኑ ሆኑ።

የመጀመሪያው አደባባይ የሚዞረው በተቃራኒው ነበር። ከኋላ አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ነፋባት። ወዲያው ከኋላ ጧ የሚል ድምፅ ሰማች። የችካል ቀኝ እግር የሌለውን ፍሬን እየረገጠ ነበር። አሁን ይጀምራል ብላ ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች። በመስታወቱ ሰረቅ አድርጋ ስታየው፣ ከመስኮቱ በላይ ያለውን እጀታ ጨብጦ፣ ጉንጩ ሙሉ ቃል ይዞ ተቀምጧል።

“ቀስ በይ! ቀኝሽን! ኧረ ግራሽን!” አሉ እትዬ።

“እትዬ” አለ ችካል ጥርሱን ነክሶ፣ “ሾፌር ማነጋገር ክልክል ነው።”

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቋ ጋር ትከሻዋም ወረደ። ከከተማው ሲወጡ እግሩ ወለሉን መምታት ተወ። ቆየት ብሎ ከኋላ ድምፁ መጣ፤ ለማንም አልነበረም። “በጎች” አለ። ትንሽ ሄደው፣ “የዚህች ቤት በሯ ቀይ ነው” አለ። ከዚያ፣ “ሰውየው መሰላል ላይ ወጥቶ መስኮት ይወለውላል።” ፊደል እንደ ቆጠረ ልጅ ያየውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። ልጅቷ ሳቀች፤ ስቃ ሳትጨርስ ዝም አለች። አባቷን ለማሳረፍ ምን አቅዳ እንደነበር ያኔ የገባት ይመስለኛል። እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ጉልበቱን ያዘችው፤ እሱ ግን ከመስኮቱ አልዞረም።

መንገዱ ተራራውን መውጣት ጀመረ። በቀኝ ቋጥኝ፣ በግራ ገደል፤ ከአንዱ ጥምዝ ወጣሁ ስትል ሌላው ይጠብቃታል። በዚህ መሀል ነው ሐይቁ ብቅ ያለው።

“ኧረ እዩ!” አሉ እትዬ።

“እማዬ፣ እይ! እይው እንጂ!” አለች ልጅቷ።

ልብስ ሰፊዋ አላየችም። ፊት ለፊቷ ነጩ መስመር አለ፣ የብረቱ አጥር አለ፣ ከላይ የሚወርድ አውቶቡስ አለ፣ እጇ ላይ ደግሞ የሦስት ሰው ነፍስ አለ። ጎኗ ላይ አንድ ትልቅ ብርሃን እንደተከፈተ በጉንጯ ይታወቃታል፤ አንገቷን ግን ማዞር አልቻለችም። ባሏ የኖረው እንዲህ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ከኋላው እየተደነቀ፣ እሱ አስፋልት እያየ። እሷም ያኔ ስቃ ስፌቷን ቀጠለች።

“ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?” አለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

አንድ ጥምዝ አለፉ፣ ሌላም ደገሙ። ከዚያ ችካል ጉሮሮውን ጠረገ።

“ወራጅ አለ” አለ።

ይህን ቃል ሲነዳ በኖረበት ዘመን ከኋላው ያልሰማበት ቀን የለም። ከራሱ አፍ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ነበር።

“ምን ሆንክ? አቅለሸለሸህ?” አሉ እትዬ።

ልብስ ሰፊዋ በግራ በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኝ ቀስ ብላ ገባችና የእጅ ፍሬኑን ሳበች። “ውረድ፣ እንጠብቅሃለን” አለችው። እንደ ልቡ ቆሞ፣ እስኪጠግብ እንዲያየው።

ችካል ወረደ። ወደ ሐይቁ ግን አልሄደም። በልማድ የፊተኛውን ግራ በር ያዘ፣ ልጁን ሲያይ ተወው፣ በኮፈኑ በኩል ዞሮ መጣና የሚስቱን በር ከፈተ።

“ወራጇ አንቺ ነሽ” አላት። “እኔ እያየሁት ነው የመጣሁት። ከመሪው ላይ ሆነሽ አይታይም።”

እጆቿን ከመሪው እስክታላቅቅ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ቀበቶዋን ፈታችና ወረደች።