ጥርስና ትንሣኤ

ለሚመለከታቸው ሁሉ፣ ለማይመለከታቸውም ጭምር፣ በታላቅ አክብሮት የሚገለጸው እንደሚከተለው ነው፦ ጥርስ ሠሪው ከዛሬ ሰኞ ጠዋት አንሥቶ ሻዩን በጀሶ መለኪያ ኩባያ መጠጣት ጀምሯል። ውሳኔው የተላለፈው በሙሉ ድምፅ ነው። ድምፅ ሰጪው አንድ፣ ተቃዋሚ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦም የለም።

በቤቱ የነበረው ሁለት ብርጭቆ ነው። አንዱ ትናንት ሲታጠብ ከእጁ አምልጦ ተሰበረ። ሁለተኛው ተይዟል። የያዘችው ሚስቱ ናት። ሚስቱ ናት ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ ሚስቱ ካረፈች ወራት አልፈዋል። ብርጭቆውን የያዘው ጥርሷ ነው፤ የላይና የታች፣ ሙሉ ጥርስ፣ ውኃ ውስጥ ተኝቶ፣ ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ማድቤቱን ሁሉ ቁልቁል እያየ የሚስቅ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ልብ እያረረ እሱ ይስቃልና። ይሄኛውማ ባለቤቱ ተቀብራም ይስቃል።

ጥርስ ሠሪው ሐኪም አይደለም። ሐኪሙ ይነቅላል፣ እሱ ይተካል። የሥራ ክፍሉ ከወጥ ቤቱ ጋር በአንድ በር የምትገናኝ ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ነው፤ በመደርደሪያው ላይ የደንበኞቹ የአፍ ልክ በጀሶ ተቀርጾ ተደርድሯል። የሰፈሩ አፍ በሙሉ እሱ ዘንድ ነው፤ የዳኛው፣ የሥጋ ሻጩ፣ የጎረቤቱ። ሁሉም በልቅጠው እንደከፈቱ ናቸው፤ አንዱም አያናግረውም።

ሚስቱም መጀመሪያ የገባችው በደንበኝነት ነበር። ገና በወጣትነቷ በሕመም ጥርሷን አንድ ሳይቀር አጥታ፣ መዳፏን አፏ ላይ ጭና መጣች። ልክ ሲወስድላት ብቻ መዳፏን አነሣች። ሌላው ወንድ የሴት ጥርስ አይቶ ይወድዳል፤ እሱ ሳያይ ወደደና ከዚያ በኋላ ጥርሱን ሠራው። ያን ባዶ አፍ ከእሱ በቀር በሕይወቷ ሳለች ያየ ሰው የለም። ልጅም አልወለዱም፣ ስለዚህ የሚያይም አልነበረም።

በመጨረሻው ሕመሟ ከሳች። ሰው ሲከሳ ድዱም ይከሳል፤ ጥርሱ ላላና ያቆስላት ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገርህ ላጠኝ» አለችው ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ።

«ስጪኝ፣ ነገ አስተካክዬ አመጣዋለሁ።»

ማስተካከሉ ለማንም ሰው ቢሆን ቀላል ሥራ ነው። ግን ጥርስ ሠሪ የሚስቱን ጥርስ እንደ ማንም ሰው ጥርስ አያስረክብም። አስተካከለ፣ አለሰለሰ፣ አየው፣ አልወደደውም፣ ደግሞ አለሰለሰው። እንደ መስተዋት ወልውሎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ሲደርስ አልጋው አንሶላው ተቀይሮ ጠበቀው።

አስከሬኗን ያጠበችው ታላቅ እህቷ ናት። እሱ «እትዬ» ይላታል፤ እሷ እሱን የምትጠራው በዚያ ሰሞን እንደተናደደችው ልክ ነው። ሰኞ ዕለት ሳታንኳኳ ገብታ፣ ከወጥ ቤቱ መካከል ቆማ፣ ወደ ብርጭቆው በአገጯ ጠቆመች።

«አሁንም እዚህ ነው የምታስቀምጠው?»

«የት ላስቀምጠው እትዬ?»

«ከባለቤቱ ጋር ነዋ! ሐሙስ ግንበኛው ድንጋዩን ያሳርፋል። ከዚያ በኋላ ያ መቃብር የሚከፈተው በመለከት ነው። ከራስጌዋ ትንሽ ቆፈር አድርገህ አስቀምጥላት። እህቴ አፏን ይዛ እንድትነሣ አልፈልግም። ሕዝብ ሁሉ በሚነሣበት ቀን! ያ ሁሉ ጎረቤት እያያት!»

«ያን ቀን ሰው ሁሉ የራሱን ጉድ ያያል እንጂ የሰው ጥርስ ይቆጥራል ብለሽ ነው?»

«ሰውን ተወው። የሷን ጠባይ አታውቅም? ‹ተነሺ› ስትባል ‹ቆዩኝ፣ ጥርሴን› ነው የምትለው። መልአኩን ታስጠብቀዋለች።»

ይሄን አላጣውም። ሠላሳ ዓመት አብሯት ኖሯል፤ በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ጥርሷን፣ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን ነበር የምትፈልገው። እትዬ ግን የእህቷን ልብስ አከፋፍላለች፣ ትራሷን ለነዳይ ሰጥታለች። ይሄ ደግሞ ከሄደ ከሚስቱ በቤቱ የሚቀር ነገር የለም። ቢያስቀረው ታፍራለች፤ ቢሰጣት እሱ ባዶውን ይቀራል። ቀጠሮው ሐሙስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሥራውን አቁሞ መጽሐፍ ቅዱሱን አወረደና በሙያው ዓይን ያነብበው ጀመር። ውጤቱ ተስፋ አስቆራጭ ነበር። ከሞት በኋላ ስላለው ነገር በሚናገሩት ገጾች ላይ ጥርስ የሚገኘው በውጭ ባለው ጨለማ ብቻ ነው፤ እዚያ ያፋጩታል። በወዲያኛው በኩል እንባ ይታበሳል፣ ሞት ይቀራል፣ የከተማይቱ ደጅ ዕንቁ ነው፤ ስለ ጥርስ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ገልጦ ገልጦ ደግሞ ያልፈለገው ላይ ወደቀ። ሰባት ወንድማማቾች ተራ በተራ ያገቧት ሴት ነበረች፤ በትንሣኤ የማን ሚስት ትሆናለች ብለው ጠየቁ። የተሰጠው መልስ በትንሣኤ አያገቡም፣ አይጋቡምም የሚል ነው። ጥርስ ሠሪው ስድስት ወንድሞች የሉትም። መልሱ ግን እሱም ቤት ደረሰ። መጽሐፉን ዘግቶ ለሁለት ሰው የሚበቃ ምግብ ሠራ፤ እጁ ልኩን ገና አልረሳም።

ማክሰኞ ሰባኪው ለልክ መጣ። ሰባኪው ከመድረክ ሲወርድ ተንሸራትቶ ሦስት የፊት ጥርሱን ያጣ፣ ከዚያ ወዲህ «ትንሣኤ» ባለ ቁጥር የሚያፏጭ፣ ደግ ሰው ነው። ጥርስ ሠሪው የልክ መውሰጃውን ሰም አሙቆ አፉ ውስጥ ከተተለትና ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«አይንከሱ መምህር፤ እስኪረጋ ዝም ይበሉ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰው ሲነሣ በየትኛው አካሉ ነው? በተኛበት ነው፣ በደህናው ዘመኑ ነው?»

«እ እ እ» አለ ሰባኪው።

«ቆይ ልጨርስ።» ጨረሰም። ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ማለስለሱ፣ ስለ ተቀየረው አንሶላ፣ ስለ እትዬ፣ ስለ ሐሙስ ነገረው። ሰሙ ከረጋ ቆይቷል፤ አላወጣለትም። ከቀብሩ ወዲህ ሳያቋርጠው የሰማው ሰው ይሄ የመጀመሪያው ነው።

በመጨረሻ ሰሙን ሲያወጣለት ሰባኪው መንጋጋውን አሻሸና «ወንድሜ፣» አለ፣ «ይቺን ጥያቄ ጳውሎስ አንሥቷታል። ‹በምን ዓይነት አካል ይመጣሉ?› የሚል ሰው ቢኖር ብሎ። መልሱን በምን እንደጀመረ ታውቃለህ?»

«በምን?»

«‹አንተ ሞኝ› ብሎ።»

«እንዲህ ነው ሐዘንተኛ የሚያጽናናው?»

«ቀጥሎ አጽናንቷል። የምትዘራው ቅንጣት ነው፣ የሚበቅለው ሌላ ነው አለ። በውርደት ይዘራል፣ በክብር ይነሣል። ዘር ስትቀብር ለበቆሎው ጥርስ ሠርተህ አብረህ ትቀብራለህ?»

«እንግዲያ የእኔ ሥራ እዚያ አያስፈልግም።»

«የእኔስ ያስፈልጋል? የሚሰበክለት የለም እኮ። ሁለታችንም ሥራ ፈት ነን።»

ሳቁ። የጥርስ ሠሪው ሳቅ ቶሎ አለቀ።

«ጌታ ከተነሣ በኋላ የተጠበሰ ዓሣ በልቷል። አንብቤዋለሁ። ያለ ጥርስ ዓሣ አይበላም።»

«አጥንቱን ካወጡለት ይበላል።»

«መምህር፣ አልቀለድኩም።»

ሰባኪው ፈገግታውን ሰበሰበ። «ይቅርታ ወንድሜ። በልቷል። የምስማሩንም ምልክት አሳይቷል። የተነሣው ራሱ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።»

«አያገቡም ይላል ደግሞ። ሚስቴ ሚስቴ ካልሆነች፣ በክብር ከተነሣች፣ እኔ ያልሠራሁት ጥርስ ካላት፣ በምን አውቃታለሁ? በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል?»

ይሄ ነበር ከሰኞ ጀምሮ የያዘው ጥያቄ። ጥርሱ ሰበብ ነው።

«መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ ደጅ ጌታን አግኝታው አላወቀችውም» አለ ሰባኪው። «ፊቱን እያየች አትክልተኛ መሰላት። በዓይኗ አላወቀችውም፤ ያወቀችው በስሟ ሲጠራት ነው። አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረው። እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። ከዚህ አልፌ አውቃለሁ የሚል ሰባኪ ከመጣብህ ጥርሱን አትሥራለት።»

ሰባኪው ከሄደ በኋላ ጥርስ ሠሪው እቃውን ሳያነሣ ተቀመጠ። ቀትር ነው። ከውጭ ሰው ያልፋል፣ መኪና ያልፋል፤ የጀሶ አፎቹ እንደከፈቱ ናቸው።

በስም መጠራት። እሷ በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «አንተ ሰውዬ» ነበር የምትለው። ይሄን ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሌላም ግን ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ገና ወደ ብርጭቆው ሳትዘረጋ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በባዶ አፏ «አንተ ሸውዬ» ትለው ነበር። ቃሉ በድዷ መሐል ሾልኮ፣ ረጥቦ፣ ተልፈስፍሶ ነው የሚመጣው። «አቤት» ይላታል። ብዙ ጊዜ የምትፈልገው ነገር አልነበረም፤ መኖሩን ለማረጋገጥ ነው። ከዚያ ጥርሷን ታደርግና ለዓለሙ ሁሉ የምትሆናትን ሴት ሆና ትነሣለች። ያን ድምፅ እትዬ እንኳ፣ በአንድ ማሕፀን ያደረችው፣ ሰምታው አታውቅም።

እንግዲህ ነገሩን አገላበጠው። እንደ ጳውሎስ ከሆነ፣ በክብር ትነሣለችና የእሱ ሥራ አያስፈልጋትም። እንደ እትዬ ከሆነ፣ እንደተኛችው ትነሣለች፤ በዚያ ትንሣኤ ውስጥ፣ ነገሥታቱ ነቢያቱ በተሰበሰቡበት፣ አንዲት ሴት አፏን በመዳፏ ሸፍና «አንተ ሸውዬ» ብትል ከዚያ ሁሉ ሠራዊት ዞር የሚለው አንድ ሰው ነው። ጥርሷን ካደረገችው ግን እንደማንም ሰው ትጠራዋለች። በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ጥርሱ የሚያስፈልገው ወዲያ አይደለም። ወዲህ ነው፤ ጠዋት ሲነቃ የሚያየው አንድ ነገር ለሚፈልግ ሰው።

«አቤት» አለ ጮክ ብሎ። የጠራው ግን አልነበረም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ መቃብሩ ዘንድ ተገናኙ። ግንበኛው ሲሚንቶውን ለውሶ ድንጋዩን በሁለት እንጨት ላይ አንጋሎ ይጠብቃል። እትዬ ከራስጌው ጉድጓዱን ራሷ አስቆፍራለች። ሰባኪውም ሳይጠራ መጥቷል፤ ለጸሎት ነው ብሏል፤ ዓይኑ ግን ጉድጓዱ ላይ ነው።

ጥርስ ሠሪው ከኮቱ ኪስ ጥቅሉን አወጣ። ተንበረከከ። ጨርቁን ፈታ አድርጎ አየው፤ በፀሐይ ያብረቀርቃል። እትዬ ማልቀስ ጀመረች። እሱ ጨርቁን መልሶ ቋጠረና ኪሱ ከተተው፤ በእጁ አፈሩን ወደ ጉድጓዱ መለሰ፣ መታ መታ አደረገው፣ ተነሣ።

«አሳርፈው» አለ ግንበኛውን።

«ጋሼ፣ ዕቃውን እኮ አላስቀመጡትም።»

«አሳርፈው ወንድሜ።»

እትዬ ልቅሶዋን ከመሐል ቆረጠችው። «ምን ማለት ነው? ምን እያደረግህ ነው?»

«ተዪው እናቴ!» አለ ሰባኪው፣ ፊቱ በርቶ። «እምነት ማለት ይሄ ነው! በክብር እንደምትነሣ አምኖ የሚጠፋውን ከማይጠፋው ጋር አልቀብርም አለ። እሑድ ይሄን ሰው ነው የምሰብከው!»

«እምነት? ስስት ነው እንጂ! ለሌላይቱ ሊያደርግላት ነው። አንተ፣ ንገረኝ፣ ለየትኛዋ ነው የምታደርግላት?»

«እትዬ፣ ጥርስ ለሌላ ሰው አይሆንም» አለ ግንበኛው፣ ድንጋዩን ወደ ጫፉ እየገፋ። «ልኩ አይገጥምም።»

«አንተ ደግሞ ማን ጠየቀህ? ሲሚንቶህን ለውስ!»

ድንጋዩ በቀስታ ወረደ። ከዳር ዳሩ ርጥብ ሲሚንቶ ተጨምቆ ወጣ፤ ግንበኛው በማለስለሻ ማንኪያው ጠረገው። ሰባኪው ለእሑድ የሚሆነውን ዐረፍተ ነገር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይለማመዳል። እትዬ ድንጋዩን አየች፣ የኮቱን ኪስ አየች፣ ከዚያ ቁጣዋ ተሟጦ ድምፏ ወረደ።

«እሺ፣ ለነሱ ተወው። ለእኔ ንገረኝ። አብሬያት ያደግሁ እህቷ ነኝ። ያን ቀን እንዴት አድርጋ ነው የምትናገረው?»

ጥርስ ሠሪው ቀና ብሎ አያት። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር፤ ያቺ የጠዋት ቃል ብቻ ነበረች። ብትወጣ ግን ሚስቱ ለአንድ ሰው ብቻ የሰጠችውን እዚያ ሲሚንቶ ላይ ለሰባኪም ለግንበኛም ማደል ነበር። እጁን ከአፈሩ አራገፈ።

«አልናገርም።»

«ለእኔ እንኳ?»

«ላንቺም አልናገርም፣ ለመምህርም አልናገርም። ሰው ለምን ብሎ ቢጠይቅሽ ‹አልናገርም ብሏል› በይ።»