የቁልፍ ሠሪው ወተት

«እሱ እኮ ያለ ወተት ከቤት አይወጣም ነበር» አለ ቆንስሉ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ዝናብ ይጣል፣ ፀሐይ ይውጣ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ግጥም! ከዚያ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ውልቅ። በመስኮቴ አየው የለ?»

ለቀስተኞቹ በየወንበራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወይ ወተት!» አለች አንዷ፣ ወተቱም አብሮ የሞተ ይመስል።

የሟቹ ታላቅ እህት ወደ አፏ የወሰደችው ሻይ መንገድ ላይ ቀረ። ካለችበት ሩቅ አገር አውሮፕላን ለአውሮፕላን እየተቀባበሏት ከደረሰች ወዲህ እንቅልፏ ከሰዓቱ ጋር ተኳርፏል። በጠራራ ፀሐይ ዐይኗ ይከደናል፤ የሰዉ ወሬ ከውኃ በታች እንደሚመጣ ድምፅ እየራቀ ይቀርባታል። ምናልባት በእንቅልፍ ልቧ የሌላ ሰው ለቅሶ ቤት ገብታ ይሆን? ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ፎቶው የወንድሟ ነው፤ የተሸረፈችው የፊት ጥርሱ እንኳ ሳትቀር አለች። እንግዲያው የተሳሳተው ወተቱ ነው።

ወንድሟ ወተት አይወድም ነበር። አይወድም ማለትም ያንሰዋል። በልጅነታቸው እናታቸው ጠዋት ጠዋት የፈላ ወተት ቀድታ ታስቀምጥና «ሳትጨርሱ ንቅንቅ የለም» ትላቸዋለች። እሱ ብርጭቆውን ትክ ብሎ ያየዋል። ወተቱ ቀዝቀዝ ሲል ላዩ ላይ ስልባቦት ይጥላል፤ ስልባቦቱ ይጨማደዳል፤ የልጁም ፊት አብሮት ይጨማደዳል።

«እታለም፣ ያየኛል» ይላታል በሹክሹክታ።

እናታቸው ወደ ምድጃው ዞር ስትል እሷ ጣቷን ሰድዳ ስልባቦቱን ላፍ ታደርግና ትውጠዋለች። ወተቱንም ብዙ ጊዜ የምትጨርስለት እሷው ነበረች። እናታቸው እስክትሞት ድረስ ወንዱን ልጇን በወተት ያሳደገችው ይመስላት ነበር። በወተት የወፈረችው ሴቷ ነበረች።

ሚስቲቱ ፔርሙዝ ይዛ ከኩሽና ወጣች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከጀርባው በሚስማር የተንጠለጠሉት ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች ይንሿሿሉ። ሟቹ ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ሁሉ የሱ ወዳጅ ነው፤ ለዚህም ነው ቤቱ በለቀስተኛ የሞላው። እህትየው ግን ቁልፎቹ በተንሿሹ ቁጥር፣ እሱ ራሱ የገባ እየመሰላት ቀና ትላለች። የምትገባው ሚስቲቱ ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከድንበር ማዶ የመጣች ሴት። ከሥራዋ የተነሣ ጣቶቿ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ፤ ልብስ ተኳሽ ናት።

«እትዬ፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ። ልለውጥልዎ?»

«ይሁን፣ ተይው።»

ከዚህ የረዘመ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። እህትየው ይህችን ሴት ምራት ብላ ጠርታት አታውቅም፤ ምክንያትም ነበራት። ያኔ ወንድሟ ስልክ ደውሎ «ላገባ ነው» ሲላት እልል ልትል አፏን ስትከፍት ቀደማት። «ቆይ፣ ቆይ። የወረቀት ነገር ነው። የምትሠራበት ላውንደሪ ሊዘጋ ነው። ሲዘጋ የሥራ ቪዛዋም አብሮ ይዘጋል፤ ወደመጣችበት ይመልሷታል። በቃ ወረቀት ነው እታለም፤ አታካብጂው።»

አላካበደችውም። በየሳምንቱ ስትደውል ስለ ጤናው፣ ስለ ሥራው ትጠይቃለች፤ ስልኩን ለሚስትህ ስጣት ብላው አታውቅም። ለወረቀት ማን ሰላምታ ይልካል?

ከውጭ መምጣቷ ከታወቀ ጀምሮ ደግሞ ለቀስተኛው ወንበሩን ወደሷ እያስጠጋ ነው። መጀመሪያ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፤ ትንሽ ያዝናል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ሰዓቱ እንዳይደለ ዐውቃለሁ እህቴ» አለች ለወተቱ ያዘነችው ሴትዮ። «ግን በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ እዚያ መሥራት ይችላል?»

«ይችላል» አለ ቆንስሉ ሳይጠየቅ። «ካልያዙት።»

«እሱማ አይችልም ማለት ነው ጋሼ» አለች እህትየው።

«እኔስ ምን አልኩ!»

ቆንስሉ የሚባለው ይህ ጎረቤት ቆንስላ ውስጥ ሠርቶ አያውቅም። ቪዛ ሲጠይቅ፣ ሲከለከል፣ እንደገና ሲጠይቅ ፀጉሩ ስለሸበተ ነው ስሙ የወጣለት። ሰው በመማር ሊቅ ይሆናል፤ እሱ በመከልከል ሆነ። አሁንም ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ዘንበል ብሎ፣ ሹክሹክታ ነው ብሎ ባመነበት ድምፅ «የዚች ምስኪን ግን አበቃላት» አለ። «ባል ሲሞት የመኖሪያ ፈቃዱም ይሞታል። ሕግ ነው።»

ሚስቲቱ የምትቀዳው ሻይ ብርጭቆውን ሞልቶ፣ ማስቀመጫውን ሞልቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

በማግስቱ የሚስቲቱን የፈቃድ ጉዳይ የያዘችው ጠበቃ መጣች። ሟቹ በአንድ ወቅት የተቆለፈባትን ቢሮ ከፍቶላት ኖሮ «በሩ ላይ አንዲት ጭረት እንኳ አልተወ» እያለች አለቀሰች። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ ሁለቱን ሴቶች ወደ ኩሽና ወሰደቻቸው። ቆንስሉ ሳይጠራ ተከተለ።

«ስሚኝ የኔ እህት፤ ማመልከቻሽ ከሱ ጋር አልተቀበረም» አለቻት። «ባል ቢሞትም ሚስት ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዷን ለብቻዋ መጠየቅ ትችላለች። ሰኞ ለሁለታችሁ የተያዘው ቀጠሮ እንዳለ ነው። ብቻሽን ትቀርቢያለሽ።»

«ይኸው!» አለ ቆንስሉ።

«አበቃላት ብለው ነበር እኮ ጋሼ» አለች ሚስቲቱ፣ ቀስ ብላ።

«ዝም ካልሽ ማለቴ ነዋ!»

ጠበቃዋ አልሳቀችም። «አንድ ነገር ግን አለ። ጋብቻው እውነተኛ መሆን አለበት። ኋላ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሲጀመርም። ለፈቃድ ሲሉ ነው የተጋቡት ብለው ካመኑ በሩ ይዘጋል፤ ያን በር እሱ ራሱ ቢነሣ አይከፍተውም።» ወደ እህትየው ዞረች። «የቅርብ ዘመድ ምስክርነት ይረዳታል። ከልጅነቱ የሚያውቀው ከርስዎ በቀር ማን አለ? ሰኞ አብረዋት ይምጡና የሚያውቁትን ይናገሩ። የማያውቁትን አይጨምሩ።»

የሚያውቁትን! የምታውቀው «የወረቀት ነገር ነው» የሚለውን ነው። ያን ደግሞ ከራሱ አፍ ነው የሰማችው።

ሚስቲቱ አንገቷን ደፍታ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቷ ታሻለች። እባክዎ አላለችም። ድንበር ማዶ የሚጠብቃት ቤት እንደሌለ እህትየው ሰምታለች። ከመለሷት መቃብሩ እዚህ ይቀራል፤ እሷ እዚያ ትሆናለች። የሚያለቅስበት ሰው የሌለው መቃብር።

እህትየው ወደ ተሰጣት ክፍል ገብታ ጋደም አለች። ቀኑ በመጋረጃው ውስጥ ወተት መስሎ ይገባል። እንቅልፍና ንቃት ተደባለቁባት። ስንት ዘመኑ ነው፣ እሷም እዚያ ሩቅ አገር እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ነበር። የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ቀና እንኳ ሳይል «ወደ አገርሽ የመመለስ ሐሳብ አለሽ?» ብሎ ጠየቃት። የሚሻለው መልስ የትኛው እንደሆነ አላወቀችም። «የለኝም» አለች፤ ለማለፍ ያህል። ሰውየው ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ለመመለስ ባሰበች ቁጥር አንድ ነገር ይይዛታል፤ መልሷ ቀድሟት ሄዶ መንገዱ ላይ የተቀመጠ ይመስል። ይኸው እናቷን ሳትቀብር ቀረች። ወንድሟንም ለማልቀስ እንጂ ለማየት አልደረሰችም። ሰው ነው ለባለሥልጣን የሰጠውን መልስ የሚኖረው ወይስ መልሱ ነው ሰውየውን የሚኖረው?

ተነሣች። ለቀስተኛው ሄዶ ቤቱ ጭር ብሏል። ሚስቲቱ ሳሎን ውስጥ የባሏን ሸሚዞች ትተኩሳለች። እንፋሎቱ እየተነሣ ፊቷን ይሸፍናታል፤ መልሶ ይገልጣታል። አንገትጌውን፣ እጅጌውን፣ የቁልፍ ቀዳዳውን ሳይቀር ጫፍ ለጫፍ ታስተካክላለች፤ ለነገ እንደሚለበስ።

እህትየው በሩ ላይ ቆመች።

«ወንድሜ ወተት አይወድም ነበር።»

ካውያው ቆመ።

«ዐውቃለሁ» አለች ሚስቲቱ።

«ታውቂያለሽ? ታዲያ ሰዉ ሁሉ...»

«ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ።» ካውያውን አቁማ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ለመጀመሪያው ፈቃድ ሲጠይቁን በየክፍሉ ለያይተው አስቀመጡን። የቤታችሁ መጋረጃ ምን ዓይነት ነው፣ ማን ቀድሞ ይነሣል... ያንን አጥንተነው ነበር። በመሐል ጠያቂዋ ሴትዮ ‹ባልሽ ጠዋት ምን ይጠጣል?› አለችኝ። ይሄን አላጠናነውም። ሲጠጣ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ወተት አልኩ። ሙሉ ብርጭቆ። ስንወጣ ‹ምን አልሃት?› ብለው ‹ወተት› አለ። ወይ መገጣጠም ብዬ በደስታ ዘለልኩ።»

«እሱ ራሱ ወተት አለ?»

«እኔም ኋላ ነው የጠየቅኩት። ‹የምጠጣውን ሳይሆን አንቺ ያየሽውን አሰብኩ› አለኝ። ሴትዮዋ ደግሞ አንድ ጠዋት ሳንነግራችሁ እንመጣለን ብላን ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ወተት ጠጣ። በሳልስቱም። ማንም አልመጣም፤ እሱ ግን ይጠጣል። ጀርባውን ሰጥቶኝ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነው የሚጠጣው። አንድ ቀን ከኋላ ሆኜ ትከሻውን አየሁት። እንዲህ ይል ነበር።» ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰብስባ አሳየቻት፤ እህትየው ያንን ትከሻ ከነልጅነቱ አወቀችው። «ያኔ ገባኝ። ተወው ልለው ፈለግኩ። ግን ፈራሁ እትዬ። ወተቱን ከተወ እኔንም የሚተወኝ መሰለኝ። እና ዝም ብዬ በሻይ ማጥለያ ማጥለል ጀመርኩ። ስልባቦት እንዳያገኘው። እሱም ምን ታደርጊያለሽ አላለኝ፣ እኔም አልነገርኩት። ብቻ ስልባቦቱን ልደፋ ስል ‹ተይው፣ ባለቤት አለው› ይለኛል። እኔ ድመት መስሎኝ! ድመት የለን፣ ምን የለን።»

እህትየው በአቅራቢያዋ ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከእንፋሎቱ ወዲያ፣ ገርበብ ባለው የኩሽና በር በኩል መስኮቱ ይታያል፤ እሱ ይቆምበት የነበረው። ለአፍታ ትከሻው የታያት መሰላት።

«ሲጠጣ አየሁት ያልሽው የት ነው?»

«ላውንደሪ። የበሩን ቁልፍ ሊሠራ መጥቶ። ስለ ቪዛም፣ ስለ መዘጋቱም ወሬ ሳይኖር ነው፤ ስሙንም አላውቅ። የኔን ወተት ነው የሰጠሁት፤ አፍልቼ ለምሳ ይዤው የመጣሁትን። ሲደክም ውሎ አሳዘነኝ። ብርጭቆውን አገላብጦ ካየው በኋላ ዐይኑን ጨፍኖ ጭልጥ! እንዴት ያለ ወተት የሚወድ ሰው ነው አልኩ በልቤ።» ፈገግ ልትል ሞከረች። «ኋላማ ሌላ የሚሠራ ቁልፍ ሳይኖር ይመጣ ነበር።»

«ጥሎ ነበር?»

«ምኑ?»

«ወተቱ። ስትሰጪው ስልባቦት ነበረው?»

ሚስቲቱ ግራ ገብቷት አሰበች። «የፈላ ወተት ነው እኮ፤ ነበረዋ። ይህን የሚያህል።»

«ከነስልባቦቱ ጠጣው?»

«ከነስልባቦቱ።»

እናቱ ቆማበት ያልጠጣው ልጅ። ለቁንጥጫ እንኳ ያልጠጣው፣ ወረቀት ሳይታሰብ ለዚህች ሴት ጠጣ። ከውስጧ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ተነሥቶ ትከሻዋን ወዘወዘው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወንድሟን ያለቀሰችው እንደ ዕዳ ነበር፤ አሁን መጣላት። ሚስቲቱ ደንግጣ «ምነው እትዬ? ምን አጠፋሁ?» እያለች ውኃ ልታመጣ ስትሮጥ፣ ኩሽና ውስጥ ቁልፎቹ ተንሿሹ።

ሰኞ ጠዋት ቆንስሉ በሙሉ ልብስ፣ ክራባቱን እንደ ገመድ አጥብቆ በር ላይ ቆመ። «እስከ ኢሚግሬሽን በር ድረስ እኔ ነኝ የምሸኛችሁ» አለ። «ዘበኞቹ በሙሉ ያውቁኛል። ምን እንደምትዪ ሸምድደሻል?» አለ ወደ እህትየው ዞሮ።

«አልሸመደድኩም ጋሼ።»

«ኧረ በስመ አብ! ይህቺ ሴት አስከለከለቻት!»

«ይልቅ ታክሲ ያስቁሙልን።»

እያጉረመረመ ወጣ።

ሚስቲቱ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዶሴዋን ብብቷ ሥር አድርጋ ኩሽና ውስጥ ቆማለች። ወተት ፈልቶ ከምድጃው ወርዷል። እጇ በልማድ አፍልቶ፣ በልማድ በማጥለያው አጥልሎ፣ ብርጭቆ ከሞላ በኋላ ነው የምትሠራውን ያወቀችው። ብርጭቆውን መስኮቱ ጋ አስቀምጣ ትክ ብላ አየችው። የሚጠጣው የለም።

«ምን እንደነካኝ...» አለች። ማጥለያውን አንሥታ ስልባቦቱን ልትደፋ ወደ ገንዳው ዘንበል አደረገችው።

እህትየው እጇን ያዘቻት።

ማጥለያውን ተቀበለቻት። ስልባቦቱ ነጭ፣ የተጨማደደ፣ ገና ያልበረደ ነበር። ማንም እንዳያያት እንደምትፈራ ልጅ ወደ በሩ አንዴ ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ በጣቷ ላፍ አድርጋ ዋጠችው።

ውጭ የታክሲ ጡሩምባ ተሰማ።

«ነይ እንሂድ» አለች፣ ጣቷን እየላሰች።