ያልተቆጠሩት የደጋ መዥገሮች

በእንስሳት ጤና ቢሮው ስሙን የሚጠራው የለም፤ «ቆጣሪው» ነው የሚሉት። ከቆላ እስከ ደጋ እየዞረ፣ የከብቶችን ጆሮና የጭራ ሥር እየፈተሸ መዥገር ይለቅማል፣ ይቆጥራል። የመዥገር መድኃኒት የሚታደለው በእሱ ቁጥር ነው። ዜሮ ለተጻፈበት አካባቢ ጠብታም አይላክም።

በዚያ ዓመት ቆላውን ላቡ ጠብ እስኪል ቆጠረ፤ ወይና ደጋውንም ጨረሰ። የደጋው ተራ ሲደርስ ዝናብ ጣለ፤ መኪናው ከዳገቱ ሥር እንደማያልፍ ተነገረው። ሽቅብ አየና ወኔው ከዳው። «ደግሞ በዚህ ብርድ ምን መዥገር አለ?» ብሎ ራሱን ደለለና ቢሮው ተመልሶ ዜሮ ጻፈ። ዜሮ ለመጻፍ መቼም ጉልበት አይጠይቅም!

እዚያ ላይ ማን እንዳለ ጠፍቶት አይደለም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ በአንዲት ላም ወተት የምትተዳደረው እዚያው ደጋ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ «ላሜ ታመመችብኝ» ብላ ደወለችለት። መድኃኒቱን ይዞ ያንኑ ዳገት በሩጫ ወጣው። ለካስ ይወጣል።

አልደረሰላትም። ላሟ በረቱ ውስጥ እግሯን ዘርግታ ሞታለች። ጎንበስ ብሎ ጆሮዋን ሲገልጥ ደም ጠጥተው የተነፉ መዥገሮች ተደርድረዋል። ጎረቤት ከቆላ ወይፈን ገዝቶ ነበር፤ ከሱ ጋር የመጣውን መዥገር ብርዱ አልገደለውም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሱ ውሸት ግን ያን ጊዜ ወገቡን አጎበጠው።

«እትዬ...» ብሎ ጀመረ።

«ተው፣ አንተ ምን አደረግህ? ጥፋቱ የኔ ነው» አለችው።

ወደ ቤት ገብታ አንድ ጠርሙስ ይዛ ወጣች። ውስጡ የደረቁ መዥገሮች አሉ።

«ለቆጠራ እመጣለሁ ያልከኝ ቀን፣ ደክሞህ ስለምትደርስ ላግዘው ብዬ ከጧት ጀምሬ የለቀምኩልህ ነው። ስትቀር ዝናቡ ነው አልኩ። ኋላ የቆጠራው ወረቀት ቀበሌ ተለጥፎ ዜሮ ሲል ጊዜ፣ ‹ወንድሜ ተምሮ ያወቀውን እኔ ምን አውቄ፤ ይሄ ሌላ ነገር ይሆናል› ብዬ መልቀሙን ተውኩት።»

አፈረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እትዬ፣ ዳገቱን አልወጣሁትም። ሳልቆጥር ነው የጻፍኩት።»

እህቱ አየችው። ላሟን አየች። ከዚያ መዳፉን ዘረጋችና ጠርሙሱን ገለበጠችበት።

«የጎረቤቶቼ ላሞች ገና በሕይወት አሉ» አለች። «ቁጠር።»

በረቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ መቁጠር ጀመረ። እንባው እያስቸገረው ሁለት ጊዜ ተሳስቶ እንደገና ጀመረ። አርባ አንድ ነበሩ።