ከነካሹ ጋር የታሰረው ሐኪም

የእንስሳት ሐኪሙና አማቱ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ሴትዮዋ ልጃቸውን "ለከብት መርፌ ወጊ" መዳራቸው ዛሬም ይቆጫቸዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ሲሰማ መሥሪያ ቤቱ መመሪያ አወጣ፤ ውሻ ሁሉ ይከተብ፣ ሰው የነከሰ ውሻ ደግሞ ባለሙያ እያየው ዐሥር ቀን ተዘግቶበት ይቆይ። ያረቀቀው ሐኪሙ ራሱ ነው። የሰፈሩ ሰው ውሻውን እየጎተተ ሲወጣ አማቱ በራቸውን ዘጉ። ሐኪሙ መርፌውን ይዞ ቤታቸው ሄደ።

"እማማ፣ ሕግ እኮ ነው።"

"የኔ ውሻ ከግቢ አይወጣም፤ ከማን ይይዘዋል?"

ሐኪሙ ጎንበስ ከማለቱ ውሻው ባቱን ዘነጠለው።

"አየህ?" አሉ አማቱ። "ጤነኛ ነው፤ ሰው ይለያል!"

ሐኪሙ ጤና ጣቢያ ሄዶ ቁስሉን አሳጥቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን መርፌ ተወጋና ለአለቃው አመለከተ። አለቃው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ማቆያችን ሞልቷል፣ ሌላ ባለሙያ የለኝም። መመሪያው ደግሞ ያንተው ነው።"

በዚህ ዓይነት ሐኪሙ ልብሱን ሸክፎ አማቱ ቤት ገባ። ሚስቱ በሳቅ እየፈረሰች ሸኘችው።

ጠዋት ጠዋት ውሻው ውሃ መጠጣቱን ያያል። አማቱም በፊናቸው ለእሱ ብርጭቆ ሞልተው ፊቱ ይገተራሉ። "ጠጣ! እሱን አንተ ጠብቅ፣ አንተን እኔ እጠብቃለሁ።" ከዚያ በአጥር በኩል ለጎረቤት፦ "ዛሬም ጠጥቷል፤ ምራቁም ደህና ነው!" ጎረቤት የትኛው እንደሆነ ለመጠየቅ አፈረ።

አንድ ቀን እራት ላይ ሴትዮዋ ሹካቸውን አስቀመጡ። "የጎረቤቴ ድመት በተወጋች በሳምንቷ ሞተች። ባሌም ሄደ። ይሄ ውሻም ከሄደብኝ ከማን ጋር ላወራ ነው?"

ለካ ሴትዮዋ ፈርተው ኖሯል! "እቅፍዎ ውስጥ ነው የምወጋው" አለ ሐኪሙ። "ከተወጋም በኋላ አብሬያችሁ አድራለሁ።"

ዐሥሩ ቀን አለፈ፤ ውሻው ከማናቸውም ይበልጥ ጤነኛ ነበር። አማቱ አቅፈው ያዙት፣ ሐኪሙ ወጋው። ውሻው ጭጭ፤ የጮኹት እሳቸው ናቸው።

እንዳለውም አደረ። ጠዋት ላይ ውሻው ጅራቱን ሲቆላ አይቶ ለመሄድ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ አማቱ ጠሩት።

"እሁድ ልጄን ይዘህ ለምሳ ና። ደግሞ ወፍራም ሱሪ ልበስ፤ አደራ!"