የተረፈው ኪኒን

ዳራርቱ ደግ ሴት ናት፤ ጉድ የሠራትም ይኸው ደግነቷ ነው።

ባሏ ያደታ እናቱን ሊቀብር ወለጋ፣ ደዴሳ ቆላ ድረስ ወርዶ ባሕር ማዶ፣ ክሪስታል የምትባል ከተማ ወዳለው ቤቱ ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ ብርድ ብርድ አለው። ጥርሱ ተንገጫገጨ፣ ራሱን ፈለጠው። ወባን ለደዴሳ ሰው ማን ያስተዋውቀዋል! ዳራርቱ ሐኪም ዘንድ ከመሄዷ በፊት ወደ ከሚሪያ ሮጠች።

ከሚሪያ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ በሚሉት ጎዳና ላይ ትንሽ ሱቅ አላት። ሀገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ሁሉ የወባ ኪኒን ይዞ ይመጣል። የታመመ ይውጣል፤ ሻል ሲለው ያቆምና የተረፈውን ለሚቀጥለው በሽተኛ ብሎ እሷ ጋ ያስቀምጣል። መድኃኒት እንዴት ይጣላል? ነውር ነዋ!

"እንቺ እህቴ፣ አላህ ያሽረው" ብላ በናፕኪን ጠቅልላ ሰጠቻት።

ያደታ ዋጠ፤ በማግስቱ ትኩሳቱ በረደለት፣ ሾርባ ጠየቀ። እሰይ! ዳራርቱ የቀረውን ለሌላ ሰው ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ለልቧ ማረፊያ ግን ክሊኒክ ወሰደችው።

"ከዚያ አካባቢ ትኩሳት ይዞት ለመጣ ሰው መጀመሪያ የማስበው ወባን ነው" አለች ዶክተሯ ደሙን እየቀዳች። "መድኃኒት ወስዷል?"

ዳራርቱ ያደታን አየችው፤ ያደታ ጣራውን አየ። ያለ ሐኪም ኪኒን ሰጠሽ ቢሏትስ? የከሚሪያን ስም ብታነሳና ሱቋን ቢያዘጉባትስ?

"ታይሌኖል፣ የራስ ምታት ማስታገሻ ብቻ" አለች።

ደሙ ውስጥ ምንም አልታየም። ዶክተሯ ግን "አንዴ አለመታየቱ የለም ማለት አይደለም፤ ነገም ከነገ ወዲያም ተመለሱና ደግመን እንየው" ብላ ለመነቻቸው። ያደታ ሳቀ። "ደሜ ንጹሕ ነው ተብዬ ምን ልሠራ ልመለስ?" አለና ኤደን ፕሬሪ ወዳለው የመጋዘን ሥራው ገባ። ዳራርቱም "ይሁን" አለች። ወይ ይሁን!

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሥራ ቦታው እንዳለ ይዘባርቅ ጀመር፤ የሞተች እናቱን ይጣራል አሉ። ዳራርቱ ሆስፒታል ስትደርስ አላወቃትም። አሁን ደሙ በወባ ተሞልቷል።

ለሆስፒታሉ ሐኪም ሁሉንም እያለቀሰች ነገረችው። አልተቆጣትም፤ ምነው በተቆጣት! ግማሹ ኪኒን አብዛኛውን ተሕዋስ እንደገደለው፣ የተረፉት ጥቂቶች በምርመራ ሳይታዩ ቆይተው እንደገና እንደተባዙ በቀስታ አስረዳት። በሽታው ጭንቅላቱንም ኩላሊቱንም ይዟል። የሚያስፈልገው መርፌ ደግሞ እዚህ የለም፤ ከሌላ ከተማ በአውሮፕላን እየመጣ ነው። እስኪደርስ ያንኑ እሱ የዋጠውን ዓይነት ኪኒን ፈጭተው በአፍንጫው ቱቦ እየሰጡት ነው።

"ይተርፍልኛል?"

"አላውቅም" አለ ሐኪሙ።

መርፌውን በመጠበቅ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ። ሰገነት ናት፣ የድሮ ጎረቤቷ።

"ዳራርቱዬ፣ ባለቤቴ ነገሪ ከጋምቤላ ገብቶ እየነደደ ነው። ከሚሪያ አንቺ ጋ ኪኒን ተርፏል ብላኛለች። ልምጣና ልውሰድ?"

ኪኒኑ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ጭኗ ላይ ነው። "አልሰጥሽም ሰገነት። ሆስፒታል ውሰጂው፤ በእናትሽ አሁኑኑ ውሰጂው!"

"አሃ! ለባልሽ ሲሆን አለ፣ ለባሌ ሲሆን የለም።"

"አይደለም፣ ስሚኝማ፣ ያደታ እኮ..."

"እግዜር ይስጥልኝ። ኤዶሳ ጋም አይጠፋም" ብላ ዘጋችባት።

ዳራርቱ መልሳ ደወለች፤ አላነሳችም። ጻፈችላት፤ አልመለሰችም። ኤዶሳ የያደታ የሥራ ባልደረባ ነው፤ እሱም ስልኩን አያነሳም። በክፍሉ መስታወት በኩል ይታያታል፤ የመተንፈሻ ማሽን የያደታን ደረት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። እሷ ትደውላለች። ሌላ ምን ታደርግ?

አመሻሽ ላይ ኤዶሳ አነሳው። አፏን ከመክፈቷ በፊት "አይዞሽ ዳራርቱ፣ ሰምቻለሁ" አላት በዚያ ሩኅሩኅ ድምፁ። "ኪኒን እኔም ጋ ነበረኝ፤ ሰገነት ቅድም ወሰደችው። ነገሪ ሻል ሲለው የሚተርፈውን ለያደታ ታመጣለች፤ አደራ ብያታለሁ።"