አንዱ እንዳይንቀሳቀስ፣ አንዷ እንድትገፋ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። ኖሊን ግን ነርስም አዋላጅም ነበረች፤ ሁለቱንም ፈቃድ በየዓመቱ ታሳድሳለች። እሷ በምትሠራበት ከከተማ የራቀ የከብት አገር ነፍሰ ጡር ሁሉ ወሯ ሳይገባ ወደ ከተማ ስለምትላክ፣ ከብት ነጂዎቹ "የማትጋልቢውን ፈረስ ትቀልቢያለሽ" እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ! እነሱንስ ቢሆን ያዋለዳቸው አዋላጅ አይደለች?

አንድ ቀትር ላይ የሽማግሌው የዳርሲ ፒክአፕ የኖሊንን ክሊኒክ አጥር ገጭቶ ቆመ። መሪውን የያዘችው ልጁ ብሪዲ ናት፤ በማግስቱ ወደ ከተማ ልትሄድ ሻንጣዋን ያሰናዳች እርጉዝ።

"ሲስተር፣ አባዬን እባብ ነድፎታል!" አለችና ሆዷን ይዛ ተጎነበሰች። የሽርት ውሃዋ መንገድ ላይ ፈስሷል።

ኖሊን ብቻዋን ነበረች። ዳርሲን በተሽከርካሪ አልጋ አስገብታ የተነደፈውን እግሩን እስከ ብሽሽቱ በፋሻ ጠፈረችው። ለከተማው ሐኪም ደውላለች፤ የመርዙ ማርከሻ ከሱ ጋር በአውሮፕላን እየመጣ ነው። እስከዚያ ዳርሲ ከተንቀሳቀሰ መርዙ በሰውነቱ ይሰራጫል።

"ጋሽ ዳርሲ፣ ጣትዎን እንኳ እንዳያንቀሳቅሱ።"

"እኔን ተዪኝና ልጄን እዪያት!"

"አትስሚው ሲስተር!" ብሪዲ ከወዲያኛው አልጋ ጮኸች። "መጀመሪያ እሱን!"

"ሁለታችሁም ዝም በሉ! እዚህ የማዘው እኔ ነኝ።"

ምጡ ተፋፋመ። ብሪዲ ስትገፋ የሕፃኑ ጭንቅላት ወጣ፤ ከዚያ ጥቂት ወደ ውስጥ መልሶ ተሳበ። ትከሻው ውስጥ ተይዟል። ከዚህ ቀደም ሌላ ቦታ ስትሠራ ለኖሊን እንዲህ ሲገጥማት የእናቲቱን እግሮች ወደ ደረቷ የሚያጥፍላት ሰው አጠገቧ ነበር። የሕፃኑ ፊት እየጠቆረ ሄደ።

ዳርሲ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። "ስንት ጥጃ ጎትቼ አውጥቻለሁ! ምኗን ልያዝልሽ?"

ኖሊን መልአክ አይደለችም፤ ለአንድ አፍታ እነዚያን ሁለት እጆች ተመኘቻቸው።

"ይተኙ!" ብላ አምባረቀች። "እርስዎም የእኔ በሽተኛ ነዎት!"

ዳርሲ ተኛ። ልጁ እየጮኸች መተኛት ለአባት ምን ያህል እንደሚከብድ የወለደ ያውቀዋል።

"ብሪዲዬ፣ ተገልበጪ! በእጅሽና በጉልበትሽ ሁኚ!"

ብሪዲ እያቃሰተች ተገለበጠች። ኖሊን እጇን አስገብታ ትከሻውን ፈለገች። "አሁን ግፊ!"

ሕፃኗ ተንሸራታ እጇ ላይ ዱብ አለች። ዝልፍልፍ ብላለች፤ አትተነፍስም። ኖሊን አሸቻት፣ አየር ሰጠቻት። ምንም የለም። ደገመችላት። ያኔ ሕፃኗ ክሊኒኩን በለቅሶ ቀወጠችው።

ከዳርሲ አልጋ ግን ድምፅ ጠፋ። ኖሊን ደንግጣ ዞረች። ሽማግሌው ከመርዙ የተነሳ ድዱ እየደማ ጣሪያውን ያያል። እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል፤ አላበሰውም።

"ጋሽ ዳርሲ?"

"እንዳትንቀሳቀስ ብለሽኝ የለ?"

ኖሊን ሕፃኗ በእናቷ ደረት ላይ እንዳለች የብሪዲን አልጋ ገፍታ ከሱ አልጋ ጋር አጋጠመችው። ከውጭ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ።

"ልንካት?" አለ ዳርሲ።

"በአንድ ጣት ብቻ" አለችው።